የተኩስ ጌም መሥራት ለምትፈልጉ ልጆች፦ ስለሚሞላው ጋሻ

ልጆቼ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉት ጌም ቤቶች ብዙው ወንበር የሚያዘው በኳስ ጌም ነው። እኔ የምጽፈው ግን የጠፈር ተኩስ ለሚወዱት፣ በተለይ «አንድ ቀን የራሴን እሠራለሁ» ለሚሉት ነው። ዕድሜዬን በፕሮግራመርነት ነው የገፋሁት፤ ጋሻውን የሕይወት ምሳሌ ያደርገዋል ብላችሁ አትስጉ።

ሄሎ የተባለው የጠፈር ተኩስ ጌም በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተጫዋቹ ከላይ የኃይል ጋሻ፣ ከሥሩ ጤና ነበረው። ጋሻው ለጥቂት ሰከንድ ካልተመታ ራሱ ይሞላል፤ ጤናው ግን የመድኃኒት ሳጥን ካልተገኘ አይመለስም። በ2004 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጤናውም ራሱ እንዲያገግም አደረገ። ቀደም ሲል፣ ዱም በተባለው የ1993 ጌም ለምሳሌ፣ አንዱ ተጫዋች ሙሉ ጤና ይዞ ሌላው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው እዚያው ክፍል ይገባሉ፤ ሠሪው ውጊያውን ለማን ይመዝን? ሁሉም ጋሻው ሞልቶ እንደሚገባ ከታወቀ ግን እያንዳንዱን ውጊያ እንደልብ ማክበድ ይቻላል። ብዙ ሰው ጋሻው ጌሙን ለማቅለል የገባ ይመስለዋል፤ እኔ አይመስለኝም።

ጋሻ ሦስት ቁጥር ነው፦ ስንት ይይዛል፣ ከመጨረሻው ምት በኋላ ስንት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መሙላት ሲጀምር በሰከንድ ስንት ይጨምራል። በ2012 የወጣው ቦርደርላንድስ 2 የተባለው ጌም ሦስቱንም ለተጫዋቹ በግልጽ ያሳያል። ጀማሪ የሚነካካው የመጀመሪያውን ነው፤ እናንተ ሁለተኛውን ያዙ። ጥበቃው ካጠረ መሸሸግ ትርጉም ያጣል፤ ከረዘመ ተጫዋቹ ከግድግዳ ኋላ ቆሞ ያዛጋል። እያንዳንዱ ምት ቆጠራውን ከዜሮ ስለሚያስጀምር እዚህ ግባ የማትባል ጥይት እንኳ ዋጋ አላት። በሄሎ ኤሊት የሚባሉት ጠላቶችም የሚሞላ ጋሻ አላቸው፤ እናንተ ልትሞሉ ስትደበቁ እነሱም ይሞላሉ። ልውጣ ወይስ ልቆይ የሚለው ጭንቀት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኮዱን ስትጽፉ ጭማሪውን በፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው ከሚወጡት ምስሎች በአንዱ) አትቁጠሩ፤ የሰከንዱን ጭማሪ ከቀደመው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ አባዙት። ያለዚያ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያወጣ ኮምፒውተር ላይ ያለው ጋሻ፣ 30 ከሚያወጣው አሮጌ ላፕቶፕ በእጥፍ ፈጥኖ ይሞላል። ጋሻው 10 ቀርቶት 40 የሚጎዳ ጥይት ቢመጣስ? ቀሪው 30 ወደ ጤና ይለፍ ወይስ ጋሻው ይዋጠው? ሁለቱም ያስኬዳል፤ ብቻ አስባችሁ ወስኑ። ድምፅም ጨምሩበት፤ ጋሻው ሲያልቅ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ተጫዋቹ ዓይኑን ከጠላት እንዳያነሳ ያደርገዋል።

ሥዕሉና ታሪኩ ይቆይ። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ በነጻ ይገኛል፤ ለመነሻ አንድ ግድግዳና የሚተኩስ አንድ ሳጥን ይበቃችኋል። ጓደኛችሁን አስቀምጡና ምንም ሳታስረዱት ሲጫወት እዩት። ከግድግዳው ኋላ ተቀምጦ ከሰለቸው ጥበቃውን ግማሽ ሰከንድ ቀንሱ፤ ጭራሽ መሸሸግ ከተወ ጨምሩ።