ኮድ 3 አይሱዙ ሲገዛ ግብሩ የማን ነው?

ሰላም ወንድማችን። ሌላውም እንዲገባው ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው። አንተ ፍኖተ ሰላም ነህ። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ ያለው) አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና በ3 ሚሊዮን ብር ሊሸጥልህ ተስማምታችኋል። ሻጩ «ውሉ ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንጻፍ፣ ለሁለታችንም ግብር ይቀንሳል፤ ስሙን ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ፣ እስከዚያ ውክልና እሰጥሃለሁ» ብሎሃል። ደላላውም «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለህ። አንተ የጠየቅከው «ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብለህ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ግብር እንደሆነ እንለይ። መኪና ሲሸጥ ሰው በደፈናው «ግብር» የሚላቸው ሦስት ዕዳዎች አሉ። አንደኛው ስም ሲዞር የሚከፈል ነው፤ ሁለተኛው ሻጩን የሚከተል ነው፤ ሦስተኛው መኪናው ላይ ተጣብቆ ባለቤት ቢቀያየርም የማይለቅ ነው። ገዢ የሚጎዳው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳያጣራ የመጀመሪያዋን ትንሿን ለመቀነስ ሲሯሯጥ ነው።

ትንሿ የቴምብር ቀረጥ ናት። በ1990 ዓ.ም. በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት የንብረት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ላይ 2 በመቶ ይከፈላል። በ3 ሚሊዮን ብር 60,000 ብር መሆኑ ነው። በልማድ ገዢ ነው የሚከፍለው፤ በውል «ሻጭ ይከፍላል» ብትባባሉም ይቻላል። ዋናው ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ውላችሁን ብቻ አይቶ አያስከፍልም፤ የራሱ ግምት አለው። ውሉ ከግምቱ ካነሰ በግምቱ ትከፍላለህ። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብትጽፉም ገማቹ «ይህ መኪና 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ያወጣል» ካለ የተረፈህ 2,000 ብር ነው። ግምቱ እንደ ውሉ ቢያልፍልህ እንኳ የምታተርፈው ከፍ ቢል 30,000 ብር ነው።

ታዲያ ሻጩ ለምን ይለምንሃል? ሒሳቡን እዚህ ላይ ጠጋ ብለህ እየው። መኪናው ኮድ 3 ነው፣ የንግድ ንብረት ነው። ሻጩ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ ከሆነ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም መኪናው በማርጀቱ ከሚገበርበት ገቢ ላይ የሚነሳ ሒሳብ፣ ሲወስድበት ቆይቷል፤ ለተሽከርካሪ በቀጥታ ስሌት 15 በመቶ ነው። ለምሳሌ በ1,400,000 ብር ገዝቶት ከሆነ በየዓመቱ 210,000 ብር ከገቢው ላይ አንስቷል፤ በአራት ዓመት 840,000 ብር። መዝገቡ ላይ የቀረው ዋጋ 560,000 ብር ብቻ ነው። አሁን በ3 ሚሊዮን ሲሸጠው 2,440,000 ብር ትርፍ ሆኖ የንግድ ገቢው ላይ ይደመራል። በአንድ ሚሊዮን ተኩል ከተጻፈለት ግን ትርፉ 940,000 ብር ነው። ልዩነቱ 1,500,000 ብር ነው፤ በግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛ እርከን፣ በ35 በመቶ፣ ሲሰላ 525,000 ብር ይሆናል። «ለሁለታችንም ይቀንሳል» ያለህ እንግዲህ ይህ ነው፦ ለአንተ ቢበዛ 30,000፣ ለእሱ ግማሽ ሚሊዮን።

የአንተ ኪሳራ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። አንተም መዝገብ የምትይዝ ከሆነ የእርጅና ቅናሽህ የሚነሳው ውሉ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። በ3 ሚሊዮን ቢሆን በዓመት 450,000 ብር ታነሳ ነበር፤ በአንድ ሚሊዮን ተኩል 225,000 ብር ብቻ። በ30 በመቶ ብናሰላው በየዓመቱ 67,500 ብር ተጨማሪ ግብር ትከፍላለህ፤ አንድ ጊዜ 30,000 ለማትረፍ ብለህ። አንድ ቀን አንተም ስትሸጠው ትርፉ በአንተ ላይ ተነፍቶ ይታያል። መዝገብ የማትይዝ አነስተኛ ግብር ከፋይ ከሆንክ ይህኛው አይነካህም፤ ቀጥሎ ያለው ግን ማንንም አይምርም። ሽያጩ ቢፈርስ፣ ለምሳሌ መኪናው በዕግድ ቢያዝ፣ የምትጠይቀው ውሉ ላይ ያለውን ገንዘብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ የተደረገ ውል ይዘቱን በምስክር ማስተባበልን ይከለክላል፤ «እጁ ላይ 3 ሚሊዮን ቆጥሬለታለሁ» የሚል ሦስት ሰው ብታቆም እንኳ መንገዱ ጠባብ ነው። ሐሰተኛ ዋጋ ማስጻፍ በራሱ የሚያስጠይቅ መሆኑም አይረሳ።

ሻጩን የሚከተለውን ዕዳ የምታጣራው በክሊራንስ ነው። ሻጩ የሚገብርበት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ዕዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ ያመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ቦታ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ክሊራንሱ ለምን ጉዳይ እንደተጻፈ አይታይም፤ ንግድ ፈቃድ ለማደስ የተጻፈውን ይዞ ለስም ማዞሪያ የሚቀርብ አለ፣ ተመላሽ ይሆናል። ደብዳቤው ለስም ዝውውር መሆኑን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን መጥቀሱንና ፋይሉ ላለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጻፉን እይ። ሁለተኛ፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሻጩ የአምናውን ከፍሎ የዘንድሮውን ገና ላይዘጋ ይችላል። በመጋቢት ብትገዛ ከሐምሌ እስከ መጋቢት ያለው የእሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ። ይህን ውሉ ውስጥ በቀን ለይታችሁ አስጽፉ፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ተሽከርካሪ ምክንያት የሚመጣ ማንኛውም ግብር፣ ወለድና ቅጣት የሻጭ ነው» ተብሎ። ገቢዎች በእናንተ ስምምነት አይገዛም፤ አንተ ግን ሻጩን ለመጠየቅ ወረቀት ይኖርሃል። ሐምሌን ደግሞ ብትችል ዝለለው። አነስተኛ ግብር ከፋዩ በሙሉ እስከ ሐምሌ 30 ይሰለፋል፣ የንግድ ፈቃድ እድሳትም ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ አንዲት ደብዳቤ ስትጠብቅ ሳምንት ይነጉዳል።

ሻጩ ድርጅት ከሆነና የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። 15 በመቶው በ3 ሚሊዮን ውስጥ አለ ወይስ በላዩ ይጨመራል? በላዩ ከሆነ 450,000 ብር ታዋጣለህ። በውስጡ ከሆነ 3 ሚሊዮኑ ለ1.15 ይካፈላል፤ ዋጋው 2,608,695.65 ብር፣ ታክሱ 391,304.35 ብር ይሆናል። «ቫትን ጨምሮ» የምትለዋን ቃል ውሉ ላይ ሳታይ አትፈርም። አንተም ተመዝጋቢ ከሆንክና መኪናው ታክስ ለሚከፈልበት የጭነት ሥራ ከዋለ ደረሰኙን ይዘህ ታቀናንሰዋለህ፤ ያለ ደረሰኝ ግን ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ከአስተያየቶቹ መካከል ቪትዝ የምትሸጠው እህታችን ይህ ሁሉ አያስጨንቅሽ። ኮድ 2 የቤት መኪና የንግድ ንብረት አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የካፒታል ትርፍ ግብር የጣለው በማይንቀሳቀስ ንብረት፣ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ነው። የአንቺ ጉዳይ ቴምብሩና ስሙን ቶሎ ማዞሩ ነው።

ሦስተኛው፣ መኪናው ላይ የሚጣበቀው፣ የጉምሩክ ዕዳ ነው። ኤን ፒ አሩ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ ከሆነ ሰላም ነው። ነገር ግን በኢንቨስትመንት ወይም በዕርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና መብቱ የተሰጠው ለዚያ ባለቤት ነው፤ ለሌላ ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት፣ ካልተከፈለ ስሙ አይዞርም፣ ጉምሩክም ሊይዘው ይችላል። «ሁለት ሦስት መቶ ሺህ ቢሆን ነው» የሚል ደላላ አትመን። ታክሱ በታክስ ላይ ነው የሚሰላው። የመግቢያ ዋጋው 1 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ ቀረጡ 35 በመቶ፣ ኤክሳይዙ 100 በመቶ የሆነ የቤት መኪና ውሰድ። ቀረጥ ሲጨመር 1,350,000፣ በዚያ ላይ ኤክሳይዝ ሲደረብ 2,700,000፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባ 3,105,000፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደመር 3,415,500 ብር ይደርሳል። ለዚህ ነው ከቀረጥ ነጻ የገባ ፒክአፕ «በርካሽ» ሲቀርብ መጠንቀቅ የሚያሻው። ሊብሬው ላይ የቀረጥ ሁኔታው የተጻፈበትን ቦታ አንብብ፣ ዲክላራሲዮኑንም፣ ማለትም መኪናው ሲገባ ለጉምሩክ የቀረበውን ሰነድ፣ ጠይቅ።

ዲክላራሲዮኑን ካገኘህ ከሊብሬውና ከመኪናው ጋር አስተያየው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በጭቃና በግራሶ የተሸፈነ ነው፤ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ጠርገህ በስልክህ መብራት አጋድመህ አንብብ። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ባለው ሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም። ሊብሬው ላይ ኦ ካየህ ዜሮ ተሳስቶ ተጽፏል ማለት ነው፤ ማስተካከያው ሻጩ ባለበት ቢሆን ይሻላል። ከጃፓን ገበያ የመጡ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ግን አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው፣ ስላነሰ አትደንግጥ። የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከመሰለህ ግን ወሬ አታብዛ፣ ተነስተህ ሂድ።

ውክልናውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በውክልና ብቻ መኪና አይገዛም። ሻጩ ቢሞት ውክልናው በሕግ ይቋረጣል፤ ከወራሾቹ ጋር ትቀራለህ። የግብር ዕዳ ቢመጣበት በስሙ የተመዘገበው መኪና ይያዛል፣ ባንክም አበዳሪም እንደዚያው። ለሻጩም ቢሆን ክፉ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። አንተ ደጀን ቁልቁለት ላይ ብትጋጭ የሚጠራው እሱ ነው። ይህን ንገረው፤ ስም ማዞሩን ከአንተ በላይ ይቸኩልበታል።

የአካሄድ ቅደም ተከተሉ ገንዘብህን ያድናል። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ከሻጩ ጋር ማርቆስ፣ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት አስፈትሹ፦ የባንክ፣ የፍርድ ቤት፣ የገቢዎች፣ የትራፊክ ቅጣት። ቀብድ ከሰጠህ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር ቀብዱ ይቀራል፤ ሻጩ ቢቀይር ዕጥፍ ይመልሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ይሁን፣ በወረቀት ይሁን። ከዚያ ክሊራንሱ ይምጣ። ቀጥሎ ውሉ በፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ሰነድ ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ትፈርም፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ይያዝ። ይህ ጎድሎ የተመለሰ ጉዳይ ብዙ ነው። ከዚያ ግምትና ቴምብር፣ ቴክኒክ ምርመራና ቦሎ፣ በመጨረሻ አዲሱ ሊብሬ በስምህ ወጥቶ ፋይሉ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲላክ ትጠይቃለህ። መኪናው የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለው ቢሆን ኖሮ ሰሌዳውም ይመለስ ነበር፤ ለዚያ ተጨማሪ ቀናት ያዝ።

ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን፣ ምክንያቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩ ይጻፍ። ከ3 ሚሊዮኑ 300,000 ብር ሊብሬው በስምህ እስኪወጣ ይያዝ፣ ውሉም ላይ ይግባ። እምቢ ካለ ምክንያቱን ጠይቀው፤ ከመልሱ ብዙ ትረዳለህ። የሦስተኛ ወገን መድኑም በስምህ ይዙር። ሻጩ ደግሞ ሌላ መኪና ከሌለው ንግድ ፈቃዱን ይመልስ፣ ገቢዎች ዘንድም የሽያጭ ውሉን ቅጂ አስገብቶ ፋይሉን ያዘጋ፤ አለበለዚያ ሐምሌ ሲመጣ በሌለው መኪና ግብር ይወሰንበታል፣ እሱም ስልክ የሚደውለው ለአንተ ነው።