ማን መሰከረለት?

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መምህሬን ዊኪፒዲያ ላይ ጻፍኳቸው፤ ሰረዙብኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። መምህሩ እዚሁ ጎንደር ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸውን አውቀዋለሁ፤ ያምራል። ልጁ መሰረዙን «መምህርህ አይረቡም» እንደተባለ አድርጎ ነው የወሰደው። ያ አንጀቴን በላው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ዊኪፒዲያ ሠዓሊው ጎበዝ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከሠዓሊው ጋር ጥቅም የማይጋሩ፣ የሚታመኑ ሰዎች ስለ እሱ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል ወይ ነው ጥያቄው። ነገሩ እንደ ችሎት ነው። ባለጉዳይ ለራሱ ምስክር ሆኖ አይቆምም።

የልጁን ማስረጃዎች አብረን አየናቸው። የመምህሩ የፌስቡክ ገጽ፣ ለኤግዚቢሽን የታተመ በራሪ ወረቀት፣ የምስክር ወረቀት ፎቶ፣ አንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ። ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስ ይባላል። ፌስቡኩም በራሪ ወረቀቱም ከዚያ ወገን ናቸው። ቃለ መጠይቁ ሰውየው የት እንደተወለዱ ለመጥቀስ ይረዳል። ግን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸውና ለታላቅነታቸው ምስክር አይሆንም።

ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎስያንን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የፓሪስና የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሞች ሥራውን ገዝተው አስቀመጡ። ሙዚየም ሥዕል ሲገዛ የሚመርጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ዘመዶቹ አይደሉም። ለሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ካረፈ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሙዚየም ከፍቶለታል። ምስክር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። በሥራ ላይ ሳለሁ ለአንድ ሠዓሊ ኤግዚቢሽን አጭር የሕይወት ታሪክ ጻፍኩ። «በ1954 ተወለደ» አልኩ። ዓ.ም. የምትለዋን ሳልጨምር ቀረሁ። በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ወሰደው። ሌላው ከእሱ ቀዳ። ከዓመታት በኋላ ሠዓሊው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 ተወለደ የሚል ጽሑፍ አራት ቦታ አገኘሁ። ሰውየውን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅተውታል! አራቱም ይስማማሉ። አራቱም ግን የተቀዱት ከእኔው ስህተት ነው።

ስለዚህ ምንጭ ስትቆጥሩ ማን ከማን እንደቀዳ ፈልጉ። ዐረፍተ ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይለወጥ ከተሻገረ፣ አሥርም ይሁን ሃያ፣ አንድ ምንጭ ነው። ዓመት ባያችሁ ቁጥር የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትለፉ። በእኛ አገር ሰው ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል የሚያሳስት ነገር አላየሁም።

ስትፈልጉም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። ኃይሉን በሀ፣ በሃ፣ በኀ ሞክሩት። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ ይቀያየራሉ። ገብረ ክርስቶስ ተነጥሎም ተያይዞም ይጻፋል። ልጁ «ኢንተርኔት ላይ ምንም የለም» ያለኝ አንዱን ብቻ ሞክሮ ነበር። ደግሞ ምንጩ የግድ ኢንተርኔት ላይ መኖር አያስፈልገውም፤ እንግሊዝኛ መሆንም አያስፈልገውም። የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን በትክክል ከጻፋችሁ የድሮ አዲስ ዘመን እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይም ይጠቀሳል። ይህን ብዙ ልጆች አያውቁም።

ስለ ራሳችሁ መምህር፣ ጓደኛ ወይም ዘመድ ስትጽፉ ቅርበታችሁን በግልጽ ተናገሩ። ገንዘብ ተቀብሎ «እናስገባሃለን» የሚል ሰው ካገኛችሁ ሽሹት።

ልጁ «ታዲያ ማንም ያልጻፈለት ሰው ጠፍቶ ይቅር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ጎንደሬን ደግሞ ይበልጥ ያመዋል። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን ሥዕሉ ላይ አልጻፉም። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለው ታያላችሁ። ያሠሩትን እናውቃለን። ብሩሹን የያዘውን ሰው ግን ስንቶቻችን በስም እንጠራዋለን?

መልሱ ግን ዊኪፒዲያ ላይ መጨቃጨቅ አይደለም። ዊኪፒዲያ የተጻፈውን ይሰበስባል እንጂ የመጀመሪያው ጸሐፊ አይሆንም። መጻፍ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ ሥዕሎቹን ቆማችሁ እያያችሁ ስለ ሥራው ጻፉ፤ ስለ ምረቃው ሪባን አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ የጥናት ርዕስ ስትመርጡ የሰፈራችሁን ሠዓሊ አስቡ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ የቀረጻችሁበትን ቀንም ጻፉበት። ለዊኪፒዲያ ወዲያው ባይሆንም ነገ ለሚያጠናው ሰው ስንቅ ነው።

ልጁ ወደ መምህሩ ተመለሰ። እሳቸውም ከሣጥን ውስጥ ስለ ሥራቸው የተጻፈ የጋዜጣ ቁራጭ አወጡለት። ግማሽ ገጽ ይሆናል፤ ጸሐፊውን አያውቁትም። ቀኑ ያለበት ጠርዝ ግን ተቀዷል። መምህሩ የሚያስታውሱት ዓመቱን ብቻ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ገብቶ የዚያን ዓመት ጥራዝ ከመስከረም ጀምሮ እየገለጠ ነው። ቅዳሜ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጥር ላይ ደርሻለሁ» አለኝ።