ከተምብለር መዳብ መስሎ የወጣ ቀለህ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ዒላማ ተኳሽ ናቸው። የተኮሱበትን የ7.62×51 (የጠመንጃ ጥይት ልክ ነው) ናስ ቀለህ አጽድተው ባሩድና እርሳስ መልሰው ሊሞሉት ፈለጉ። ለዚህም በውኃና በስቴንለስ ፒን፣ ማለትም በደቃቅ የማይዝግ ብረት ዘንጎች፣ የሚያጥብ፣ የሚሽከረከር ተምብለር ገዙ። 200 ቀለህ ባንድ ጊዜ ከተቱ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨመሩ። ይበልጥ እንዲያበራ ብለው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ አከሉበትና ሲሽከረከር አደረ። ጠዋት ሲከፍቱት የቀለሁ ቢጫነት ጠፍቶ መዳብ መስሏል። አፉ ተደፍጥጧል። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ፒን ተቀርቅሮ አልወጣ ብሏል። «ይኼን ሸጬ በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራውን ደረቁን ልግዛ?» ይላሉ።

አይሽጡት። ማሽኑ ምንም አልሆነም። የበዛው አሲዱና ሰዓቱ ነው፤ ቀለሁም በዝቷል። ሦስቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ።

ከቀለሙ እንጀምር። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ቢጫነቱን የሚሰጠው ዚንኩ ነው። አሲድ ደግሞ ከመዳቡ ይልቅ ዚንኩን ያጠቃል። ትንሽ አሲድ ለአጭር ጊዜ ሲነካው ላዩ ላይ ያለውን ጥቁረት ብቻ ያነሳል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ብዙ አሲድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገኘው ግን ከላይኛው ገጽ ዚንኩን መጥጦ መዳቡን ያስቀረዋል። እርስዎ ያዩት ቅላት ይኼ ነው።

ሌላም ሰበብ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ናስ መስሎ የተለበጠ የብረት ቀለህ ወይም ተራ ቦልት አብሮ ገብቶ ከሆነ፣ አሲዱ ውስጥ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ዕቃው ላይ ይለጠፋል። ወርቅና ብር ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አሲድ ውስጥ የብረት መቆንጠጫ የማይከቱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከማጠብዎ በፊት ቀለሁ ላይ ማግኔት ያሳልፉበት። ናስን ማግኔት አይስበውም፤ የተሳበውን ለይተው ያውጡ።

አሁን የቀላውን ምን ያድርጉት? በንጹህ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ከዚያ በአዲስ ውኃና በሳሙና ብቻ፣ ያለ አሲድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያሽከርክሩት። ቅላቱ ስስ ከሆነ ፒኑ ፍቆ ያነሳዋል፣ ከሥር ቢጫው ይወጣል። ካልለቀቀ፣ ወይም ገጹን በጥፍርዎ ሲነኩት ሸካራና ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ከሆነ፣ ያ ቀለህ ለመሙላት አይሆንም። ይጣሉት። ቀለህ ተኩሱ ሲነሳ ጋዙን አፍኖ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ በተጠቃ ናስ ላይ ዕድል አይሞከርም።

ለቀጣዩ መጠኑን ልስጥዎ። 7 ኪሎ ገደማ ለሚችል ከበሮ የተለመደው ድልድል 2.3 ኪሎ ፒን፣ 0.9 ኪሎ ቀለህ፣ 3.8 ሊትር ውኃ ነው። አንድ የ7.62×51 ቀለህ 11 ግራም አካባቢ ይመዝናል። እንግዲህ 0.9 ኪሎ ማለት 80 ቀለህ ግድም ነው። እርስዎ 200 ነው የከተቱት፤ ከሁለት እጥፍ በላይ። ከበሮው ሲጨናነቅ ዕቃው እየተገላበጠ መታሸቱ ይቀርና ባንድ ላይ ተድበልብሎ ይዞራል። ሞተሩና ቀበቶውም ይለፋሉ። የከበሮዎ መጠን ከዚህ ከተለየ በዚሁ ስሌት ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ። ውኃው ግን ሁልጊዜ ቀለሁንና ፒኑን ሸፍኖ ትንሽ ከፍ ይበል።

ሳሙናው ለዚህ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ሲትሪክ አሲዱ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። አዎ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ግን ሥራውን የሚሠራው ፒኑ ነው። አሲዱ ጥቁረቱን የሚያላላ፣ ውኃው ማዕድን የበዛበት ከሆነም ነጠብጣብ እንዳይተው የሚያግዝ ረዳት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ከፍተው ይዩ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ያልቃል። ማታ አስነስተው እስኪነጋ መተው ይቅር።

አፉ የተደፈጠጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከበሮው በዞረ ቁጥር ቀለህ ከቀለህ ይጋጫል። የአንዱ ግጭት ምንም አያመጣም። የሌሊቱ ሙሉ ግን ስሱን የአፍ ጠርዝ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አንዱን ቀለህ አንስተው አፉን በብርሃን ላይ ያዙሩት። ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የታጠፈች ቀጭን ከንፈር ያያሉ። ጣትዎን ሲያሳልፉበት ትቧጭራለች። በዚህ ሁኔታ እርሳሱን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን የጥይት ጫፍ፣ ቢከቱበት ከንፈሯ ጎኑን ትልጠዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ተኩስ ያሰፋውን ቀለህ በቅርጽ ወደ ልኩ ከመለሱ በኋላ ርዝመቱን በካሊፐር ለክተው ይቁረጡት፣ ከዚያ ጠርዙን ከውስጥም ከውጭም በቻምፈር ማድረጊያ ያለስልሱት።

ፒኑስ? የተለመደው ፒን ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከቀለሁ ግርጌ እሳቱን ወደ ባሩዱ የምታሳልፈው ቀዳዳ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ገደማ ናት። አንድ ፒን ገብቶ ይወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገቡ ግን ይነካከሱና ይቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለህ ወደ መብራት አቅንተው በቀዳዳዋ በኩል ማየት ግድ ነው። ብርሃኑ ክብ ሆኖ ካልታየ ፒን አለ። በቀጭን ሽቦ ገፋ ያድርጉት። አንገቱ ጠባብ የሆነ ቀለህ ፒን ይዞ የማስቀረት ባሕርይ ስላለው፣ ሲያጥቡት ውኃ ውስጥ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያራግፉት። ይህን ምርመራ ማንም እንዳያስዘልልዎ። ውስጡ የቀረች አንዲት ፒን በተኩስ ጊዜ በአፈሙዙ ታልፋለች።

ከመታጠቡ በፊት የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ያልተተኮሰ ጥይት አብሮ እንዳይገባ አንድ በአንድ ይዩ። ሁለተኛ፣ በእርጥቡ ለማጠብ ከሆነ የተቃጠለውን ፕራይመር፣ ማለትም ግርጌው ላይ ያለውን ባሩዱን የሚያቀጣጥል ቆብ፣ አስቀድመው ያውጡ። ካላወጡት መቀመጫው አይጸዳም፤ ከሥሩ የገባውም ውኃ በቀላሉ አይደርቅም። በደረቁ ለማጽዳት ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ፕራይመሩን ባለበት ይተዉት። አለበለዚያ የቆረቆንዳው ፍርፋሪ ቀዳዳዋን ይደፍንና አንድ በአንድ ሲቆፍሩ ይውላሉ።

ማድረቅ ላይ ብዙ አልቆይም። ፎጣ ላይ አንከባለው ውኃውን ካራገፉለት በኋላ አንድ ቀን አየር ላይ ማስጣት ይበቃል። ቸኩለው በሙቀት ካደረቁት ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ። ናስ 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ የቀለህ ግርጌ ደግሞ ጠንካራ ሆኖ መቆየት አለበት። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አይክተቱት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እርጥቡ ወይስ ደረቁ? እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እርጥቡን እይዛለሁ። የቀለሁን ውስጥና የፕራይመሩን መቀመጫ ያጸዳል፣ አቧራም አያስነሳም። ደረቁ፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ጎድጓዳ፣ የራሱ ጥቅም አለው። ፒን መልቀም የለም፣ ማድረቅ የለም። ጎድጓዳውን በቆረቆንዳ ወይም በዋልነት ቅርፊት ፍርፋሪ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልተው፣ ቀለሁን ጨምረው ሁለት ሦስት ሰዓት ይተዉታል። የዋልነቱ ቅርፊት ጠንከር ስላለ ቆሻሻ ይልጣል፤ ቆረቆንዳው ለስለስ ስላለ ያበራል። ውስጡ ግን ጠቆር ብሎ ይቀራል። ያ ጥቁረት ለተኩስ አይከፋም። እንዲያውም በአንገቱ ውስጥ የቀረችው ስስ ጥላሸት እርሳሱ ሲገባ ታለሰልሳለች። በእርጥቡ ፍጹም የጸዳ አንገት አንዳንዴ እርሳሱን አንቆ ስለሚይዝ ጥቂት ደረቅ ግራፋይት ማስነካት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ንጹህ ማለት የሚያብረቀርቅ ማለት አይደለም። የመሙያ መሣሪያዎን የሚቧጭረው አሸዋና ጠጣር ቆሻሻ ከለቀቀ ቀለሁ ጸድቷል። የመስታወት ያህል ማብራቱ የዓይን ደስታ ነው፤ ከፈለጉት ጥሩ፣ ካልፈለጉት ምንም አይጎድልም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ደረቁን ከገዙና ማንጸባረቂያ መጨመር ካማረዎ አሞኒያ ያለበትን የናስ ማጽጃ አይንኩ። ቀለህ በፕሬስና በቅርጽ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለ። አሞኒያ ደግሞ ይህን ውጥረት ያለበትን ናስ ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የተከማቸ ጥይት ማንም ሳይነካው ቀለሁ ሲሰነጠቅ ያዩ ነበር። መንስኤው ከጋማ ከብት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ስንጥቁ በዓይን የማይታይ ቀጭን ሆኖ ይጀምርና ችግሩ የሚታወቀው ሲተኮስ ነው። ለቀለህ ተብሎ የተሠራ፣ አሞኒያ የሌለበት ማንጸባረቂያ ይምረጡ።

ምድጃው ላይ ያልኩት ይኼ ነው። አብዛኛው ፕራይመር የሊድ ውህድ አለበት፤ ሊድ የተባለው ብረት መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ሲተኮስ ቀሪው ቀለሁ ውስጥ ይለጠፋል። በደረቁ ሲያጸዱ አቧራው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ደረቁን ክዳኑን ገጥመው ደጅ ያሠሩት፣ ፍርፋሪውንም ሲነፉ አፍንጫና አፍዎን በጭንብል ይሸፍኑ። ፍርፋሪው ጠቁሮ አቧራ ሲያበዛ ይቀይሩት። በእርጥቡም ጥቁሩ ውኃ ውስጥ ያው ሊድ አለ። በምግብ ማጠቢያ ገንዳ ላይ አይድፉት፣ ጓሮ አትክልት ላይም አይርጩት። ለአደገኛ ቆሻሻ በተመደበው ቦታ ያስወግዱት። ባልዲው፣ ወንፊቱ፣ ማንኪያው ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን። ሲጨርሱ ምንም ሳይቀምሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብስዎንም ለብቻው ያጥቡት።

አሁን ያለዎትን 200 ቀለህ በሦስት ዙር ከፋፍለው፣ የመጀመሪያውን 80 ያለ አሲድ ያሽከርክሩትና ቀለሙን ይዩ። ከዚያ ሌላውን ይቀጥሉ።