ቴፕ ፕለጊን ለክራርና ለድምፅ፦ እኔ እንደሞከርኩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤትሽ ውስጥ ክራርና ድምፅሽን ትቀጃለሽ። ንጹሕ ነው፣ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ሆነብሽ። «የድሮዎቹን ሸክላዎች ሙቀት የሚሰጠኝ የትኛው ቴፕ ፕለጊን ነው? የትኛውን ልግዛ?» ነው ያልሽው። (ቴፕ ፕለጊን ማለት የድሮ ቴፕ መቅረጫን ድምፅ የሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።)

እኔ ኮተቤ ካራ አካባቢ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ መቅዳት ከጀመርኩ አምስት ዓመት አለፈኝ። ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው። ቻው ቴፕ ሞዴል የሚባለውን አውርጂ፤ በነጻ ነው። ሶኒ ቲሲ 260 የተባለ የድሮ ሪል ቴፕ መነሻ ተደርጎ የተሠራ ነው። እኔ እስካሁን ሌላ አላስፈለገኝም።

ቴፕ ምን እንደሚያደርግ ካወቅሽ አጠቃቀሙ ይቀልሻል። ድምፅ ጠንከር ብሎ ሲገባበት ማግኔቱ ከአቅሙ በላይ መያዝ አይችልም። ግን እንደ ዲጂታል ጫፉን ቆርጦ አይጥለውም፤ ቀስ አድርጎ ያለዝበዋል። በዚያ ላይ ሃርሞኒክ፣ ማለትም የገባው ድምፅ ንዝረት ብዜት የሆነ ተጨማሪ ድምፅ፣ ይጨምራል፤ በተለይ ሦስተኛውን። 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ስታስገቢ 300 ላይም ትንሽ ድምፅ ይወለዳል። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሥራችንን የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነዋ! 80 ኸርዝ ላይ ያለ ቤዝ በስልክ አይወጣም። ከሱ የተወለዱት 240 እና 400 ግን ይሰማሉ፤ ጆሮም ቤዙን ራሱን የሰማ ይመስለዋል።

ወደ ክራርሽ ልምጣ፤ ብዙ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ክሮቹን አንድ ላይ ስትገርፊያቸው ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ ሳቹሬሽኑ (ቅድም ያልኩት ቴፑ ሲሞላ የሚያለዝበው ነገር) ውስጥ ይገባል። ያኔ እርስ በርስ ተደባልቀው ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይፈጥራሉ። በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ፣ ግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ስላሉበት፣ ቶሎ ይጎረብጣል። ስለዚህ ለሚገረፍ ክራር ድራይቩን (ድምፁን ወደ ቴፑ ምን ያህል ገፍቶ እንደሚያስገባ የሚወስነውን ቁልፍ) ዝቅ አድርጊው። አንድ በአንድ ለምትመቺው ጨመር ብታደርጊ ችግር የለውም። ዋውና ፍላተር የሚለውን ግን ጭራሽ አጥፊው። የቴፑን ፍጥነት የሚያዋዥቅ ነው። ስንት ደክመሽ የቃኘሽውን ክራር ያልተቃኘ ያስመስለዋል።

ማሲንቆ ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ማሲንቆ ተጫዋች እኔ ክፍል መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሻይ እየጠጣን ጠበቅን፣ ሲያባራ ቀዳን። ደጋኑ ክሩን ሲፈትገው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነበረው። ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ለይቶ በሚያስተካክለው ኢኩዌላይዘር ስቀንሰው ማሲንቆው ራሱ ሞተብኝ። ከዚያ የቴፑን ፍጥነት በሰከንድ 15 ኢንች ላይ አደረግኩና ድራይቩን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ቴፕ ኃይለኛ ቀጭን ድምፅ ሲመጣበት ቀድሞ የሚያለዝበው እሱን ነው። ጩኸቱ ለሰለሰ፤ ፍትግታው ግን አልጠፋም። ሰውየው ሲሰማው «አዎ፣ ይሄ የኔ ማሲንቆ ነው» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

አንድ ጊዜ ደግሞ 14 ትራክ ላይ በሙሉ፣ ሁሉም ተደባልቆ የሚወጣበት ማስተሩም ላይ ሳይቀር፣ ድራይቩን ከፍ አድርጌ ጫንኩት። ክፍሌ ውስጥ ግሩም ነበር። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ስንከፍተው ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ትመስላለች። ክፍሌ ውስጥ የተታለልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ፕለጊኑ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አሁን ድራይቭ በጨመርኩ ቁጥር መውጫውን እቀንሳለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ባይፓሱን (ድምፁ ፕለጊኑን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ቁልፍ) አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። እኩል በሆነ ድምፅ ካልበለጠ አወጣዋለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ፣ እባክሽ። መግቢያውም ላይ የድምፁን አማካይ መጠን በዲጂታል ሜትሩ ወደ ‎-18 ዴሲቤል ጠጋ አድርጊው፤ ብዙዎቹ የቴፕ ፕለጊኖች የተስተካከሉት እዚያ አካባቢ ለሚሆን ድምፅ ነው።

ላፕቶፕሽ ከደከመ ኦቨርሳምፕሊንጉን (ፕለጊኑ ድምፁን በበለጠ ጥራት እንዲያሰላ የሚያደርገውን) ስትሠሪ ዝቅ፣ የመጨረሻውን ስታወጪ ከፍ አድርጊው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ቀረጻሽን ሰምቼዋለሁ፤ ከቴፕ በፊት ችግሩ ያለው ክፍልሽ ላይ ነው። ባዶ ግድግዳው ያስተጋባል። ቴፕ ጫፉን ሲያለዝብ ከሥር ያለው ደካማ ድምፅ ይጎላል፣ ማስተጋባቱም አብሮ ይነሳል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከጀመሩ በኋላ የወጡትን ሸክላዎች እንደምትወጂ ጽፈሻል። የነሱ ሙቀት ከቴፑ ብቻ አልመጣም። ከተጫዋቾቹ እጅና ከነበሩበት ክፍልም ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከጀርባሽ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀይ፣ ፍራሹንም ግድግዳው ላይ አቁሚው። ማይኩን ከክራሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቀሽ እንደገና ቅጂ። ከዚያ አንዱን ያለ ፕለጊን፣ አንዱን በቴፕ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርገሽ እዚህ ለጥፊልን። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።