እህቶቼ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለኩት

ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ። እኔ አሜሪካ ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው፣ ቨርጂኒያ ነው ምኖረው፣ ስመጣ 56 ኪሎ ነበርኩ በሰባተኛው ዓመት 89 ገባሁ። በአንድ ቀን አይደለም መቼስ፣ በየዓመቱ አራት አምስት ኪሎ እየተጨመረ ነው፣ ማንም ሳያየው፣ እኔም ራሴ ሳላየው። አሁን 68 ላይ ነኝ፣ እዚህ ላይ ከቆምኩም አምስት ዓመት አልፎኛል። ወደ 56ቱ ልመለስ ብዬ አላውቅም፣ ያ የ24 ዓመት ልጅ ኪሎ ነው፣ ለሷ ይሁንላት። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ብዙ ዓመት ማታ ማታ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ምነግራችሁም ሞክሬ የከሸፈብኝንና ሞክሬ የያዘልኝን ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም የምናማው እንጀራን ነው አይደል። "እንጀራ ተውኩ፣ ኬቶ ገባሁ" ትላለች አንዷ፣ ሦስት ሳምንት ትቆይና ሰርግ ይመጣል፣ ከዛ የሦስት ሳምንቱን በአንድ ማታ ታወራርደዋለች። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ሁለቴ። እንጀራ ይወፍራል አይወፍርም ከመባባል በፊት እስቲ የምትገዙትን እንጀራ ፌስታሉን ገልብጣችሁ ምን እንዳለበት አንብቡት፣ ጤፍ ብለን ምንበላው አንዳንዱ ስንዴው ወይ ሩዙ ወይ ገብሱ ነው መጀመሪያ የተጻፈው። እሱም ቢሆን ግማሽ እንጀራ በልቶ የወፈረ ሰው አላየሁም። ያወፈረን ላዩ ላይ የፈሰሰው ነው።

እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ለልጄ ልደት ዶሮ እየሠራሁ ነው፣ ማታ ሥራ አለኝ፣ ዩኒፎርሜ አልተተኮሰም፣ ልጁ ያለቅሳል፣ እኔ የዘይቱን ጠርሙስ ይዤ እንደ ልማዴ ላንቆረቁረው ስል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እስቲ ዛሬ ይሄን ያህል ማፈሰው ስንት ነው አልኩና ሽንኩርቱ ላይ ከማድረጌ በፊት በመለኪያ ኩባያ ቀዳሁት። አንድ ካፕ ሞልቶ ተረፈ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ አንድ ካፕ ውስጥ 16 ማንኪያ አለ፣ ምቱት እስቲ፣ 1900 አለፈ። ቅቤው ገና አልገባም! ለስምንት ሰው ቢካፈል እንኳን እያንዳንዱ ሰው ዶሮውን ሳይነካ እንጀራውን ሳይነካ ከዘይት ብቻ 240 ካሎሪ ይዞ ነው ሚነሳው።

ከዛ እማዬ ትዝ አለችኝ። እማዬ ሽንኩርቱን ደረቁን ነበር ምታቁላላው፣ ያለ ምንም ዘይት፣ ከሰል ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ እያማሰለች፣ ሊይዝ ሲል ጠብ የምታደርግበት ሙቅ ውሃ አጠገቧ፣ ግማሽ ቀኗን ትሰጠዋለች። ዘይቱ የሚገባው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው። እኔ ግን ለማማሰል ጊዜ ስለሌለኝ እንዳይዝብኝ ብዬ ነው ዘይት ማፈሰው፣ ዘይቱ በኔ ቦታ ቆሞ እያማሰለልኝ ነበር በቃ። ይሄ ከገባኝ በኋላ ሌላውንም ነገር ሳየው ያው ሆኖ አገኘሁት፣ ውጭ አገር የወፈርነው በጥጋብ ሳይሆን ጊዜ ከማጣት ነው፣ ጊዜ ያጠረን ቦታ ሁሉ ዘይት ወይ ስኳር አፍስሰንበታል።

ለምሳሌ ናይት ሺፍት። ማታ 7 ፒኤም ገብተሽ ጠዋት 7 ትወጫለሽ፣ መሃል ላይ እንቅልፍሽ ሲመጣ ኮካ፣ አንዷ ጣሳ ኮካ 39 ግራም ስኳር አላት፣ አስር የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሁለት ከጠጣሽ ሃያ። ቤት ገብተሽ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ፍርፍር አሙቀሽ ትበይና ትተኛለሽ፣ አራት ሰዓት ተኝተሽ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ደግሞ ሲነሳ የሚያምረው ጣፋጭና ጨው ያለበት ነገር ነው፣ ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም ሰውነት ነው፣ እንቅልፍ ሲያንስ የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል። እኔ መጀመሪያ የቀየርኩት ምግብ ሳይሆን እንቅልፌን ነው። ጥቁር መጋረጃ ገዛሁ፣ ስልኬን ኪችን ውስጥ ትቼ መተኛት ጀመርኩ፣ ከሥራ ስወጣ ፍርፍሩን ትቼ ሁለት እንቁላል በቲማቲም። በዚህ ብቻ በሁለት ወር አራት ኪሎ ወረድኩ፣ ጂም የሚባል ደጅ ሳልረግጥ።

ጾሙስ? ይሄን ጮክ ብለን ብናወራው ጥሩ ነው፣ በሁዳዴ ኪሎ የምንጨምር ብዙ ነን። 55 ቀን ሥጋና ወተት ትተን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ከዛ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ፓስታ በስጎ፣ የተጠበሰ ድንች። ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም ዘይትና ዱቄት ነው። የጾም ምግባችን እኮ በሥርዓቱ ከተሠራ ሀብታም ነው፣ አንድ ካፕ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ሽሮ አለ፣ ሽምብራ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ጎመን አለ፣ እዚህ አገር ደግሞ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ በቁሌት ሞክሩት አትስቁብኝ፣ አዋዜ ከገባበት ማንም አያውቀውም። ሰሃኑ ላይ ወጡ ይብዛ እንጀራው ይነስ፣ እኛ የለመድነው በተቃራኒው ነው። ሙስሊም እህቶቼም ስታፈጥሩ ያው ሳምቡሳው ነው ሚቀድመው፣ ቴምሩንና ሾርባውን አስቀድሙ፣ ሳምቡሳውን ወይ ኦቨን ውስጥ አብስሉት ወይ አንድ ብቻ።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልምጣ፣ ይሄ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም አንዴ ልሞትበት ነበር። አንዲት ማኅበር ላይ የተዋወቅኳት ሴት "ሻይ ነው፣ ከቅጠል ነው ምንም የለውም፣ ከሱ ጋር ይቺን ካፕሱል ጠዋት አንድ" ብላ ሸጠችልኝ። እውነቱን ለመናገር ሠራ፣ በአስር ቀን ሦስት ኪሎ ሄደ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ሽንት ቤት ተመላላሽ ሆንኩ። ከዛ አንድ ሌሊት ሥራ ላይ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት አሮጊት ላገላብጥ ጎንበስ ስል ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፣ የዛን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ጣቴ ላይ መለኪያውን ስታደርግልኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ 128 ይመታል። "ምን ወሰድሽ?" አለችኝ። ሻይ አልኳት። እስካሁን ትስቅብኛለች።

በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ አገር ሰፕልመንት ተብሎ የሚሸጥ ነገር ገበያ ከመውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ አይቶ አያጸድቀውም፣ ከ1994ቱ (በፈረንጆቹ) ሕግ ጀምሮ እንደዛ ነው፣ ችግር ሲመጣ ነው የሚይዙት። ሲቡትራሚን የሚባል የማክሻ መድኃኒት ነበር፣ ሃርት አታክና ስትሮክ አመጣ ተብሎ በ2010 ከገበያ ወጣ፣ ግን በ"ተፈጥሯዊ" ሻይና ቡናና ካፕሱል ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ ተገኝቷል፣ ኤፍዲኤ የእነዚህን ዝርዝር ያወጣል። ሻዮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ደግሞ ሰና ነው፣ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ማለት ነው፣ የወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። የግሪን ቲ ኤክስትራክት ካፕሱልና ጋርሲኒያ ጉበት የጎዱባቸው ሰዎች አሉ። ሎሚ በሙቅ ውሃ ደግሞ ጠጡት አይጎዳም፣ ስብ ግን አያቀልጥም፣ ስብ ቅቤ መሰላችሁ እንዴ።

ታዲያ ምን ይወሰድ ላላችሁ፣ መጀመሪያ ደም ተመርመሩ። ታይሮይድ፣ የሦስት ወር ስኳር፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ። እኛ ጥቁር ቆዳ ይዘን ፀሐይ ባነሰበት አገር ቤት ውስጥ ምንውል ሰዎች ነን፣ ዲ የሚያንሰን ብዙ ነን፣ የምትሸፈኑ ደግሞ የበለጠ፣ ዲ አያከሳም ግን ሲያንስ ድካሙ ከሶፋ አያስነሳም። ወር አበባዋ የሚዛባባት፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚበቅልባት ልጅ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ይሆናልና ለሐኪም ትንገር። ዴፖ የሚባለውን የሦስት ወር መርፌ የምትወጉም ኪሎ ከጨመራችሁ ሌላ መከላከያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በቋሚነት የያዝኩት የፕሮቲን ዱቄት ነው፣ ለማይጾመው ቀን፣ ከሥራ መልስ ማብሰል ሲያቅተኝ፣ ሌላ ተአምር የለውም ምግብ ነው። ለሆድ ድርቀት ደግሞ ተልባ፣ የኛው ተልባ፣ ስኳሩ ሳይበዛበት።

የማክሻውን መርፌ ሁሉም ሰው ሹክ እያለ ይጠይቀኛል። ኦዜምፒክ ለስኳር ነው የወጣው፣ ያው መድኃኒት ዌጎቪ ተብሎ በ2021 ለክብደት ተፈቀደ፣ ሌላው መድኃኒት ዜፕባውንድ ደግሞ በ2023። ይሠራል፣ አልዋሽም፣ በዌጎቪ ጥናት ሰዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ነው የቀነሱት። ሲያቆሙ ግን በዓመቱ ከወረደው ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል፣ ስለዚህ ለሰርግ ብሎ ሦስት ወር መወጋት ገንዘብ መጣል ነው። በቤተሰብ የተወሰነ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር ካለ አይወሰድም። ለመውለድ የምታስቡ ዌጎቪን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባችሁ። ዜፕባውንድና ለስኳር የሚሰጠው ወንድሙ ማውንጃሮ ደግሞ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ኃይሉን ሊቀንሱት ይችላሉ፣ ይሄን ሳታውቅ ያረገዘች ልጅ አውቃለሁ። ከሐኪም እንጂ ከሳሎን፣ ከሰው ቦርሳ ውስጥ አትግዙ፣ በቃ ይሄን ብቻ ስሙኝ።

ስፖርት። "ሥራዬ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስሮጥ አድራለሁ ሌላ ምን ስፖርት" እል ነበር፣ ኪሎው ግን አልሰማኝም። የሚባለው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፣ በቀን 30 ደቂቃ አምስት ቀን፣ እና ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት። ክብደቱን አትዝለሉት፣ ከ35 በላይ የሆናችሁ በተለይ፣ ሳናነሳና ፕሮቲን ሳንበላ ስንከሳ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል፣ ፊት ይጨማደዳል ሆድ ይቀራል። "ወንድ ልመስል ነው?" ትሉኛላችሁ፣ ኧረ ያ እንደዛ ቀላል ቢሆን ወንዶቹ ጂም ባልተሰቃዩ።

ትልቁን ሰበባችንን ግን እናውቀዋለን፣ ፀጉር ነው። ካስክ ገብተሽ፣ ተተኩሰሽ፣ ይሄን ያህል ዶላር ከፍለሽ በማግስቱ በላብ? እኔ መፍትሄዬ ሹሩባ ሆነ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ እሠራለሁ፣ ሰርግ ሲኖር ብቻ እፈታዋለሁ። ጂም መግባት የምታፍሩ ወይ የምትሸፈኑ የሴቶች ብቻ የሆኑ ጂሞች አሉ፣ ካልሆነም የሁለት ሊትር ውሃ ጠርሙስ በየእጃችሁ ይዛችሁ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብድግ። እኔ ስድስት ወር እንደዛ ነው የሠራሁት፣ ልጄ እየቆጠረልኝ፣ እያጭበረበረብኝ።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ይሄ ሁሉ ምክር ለናንተ ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። የሰው ቤት ሆነሽ የምትበይውን አንቺ አትመርጪም፣ የምትተኚበትንም ሰዓት። በእጃችሁ ያለውን ብቻ ልበል፣ ሻዩ ላይ ያለውን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱት፣ የሚተርፈውን ሩዝ እንዳይጣል ብላችሁ ቆማችሁ አትጨርሱት፣ ሆዳችሁ የቆሻሻ መጣያ አይደለም። ፎቅ ካለ ደረጃውማ መቼም በቂ ነው።

ስንት ልቀንስ ለምትሉ፣ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ፣ ከዛ በላይ የሚወርድ ከሆነ ጠርጥሩ። ደግሞ መቶ ኪሎ ያለች ሴት አምስት ኪሎ ብቻ ብትቀንስ ግፊቷና ስኳሯ ላይ ለውጥ ይታያል። ስኳር በሽታ ስል የምር ነው፣ በ1984 እና በ1991 እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር፣ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን ከሌላው ሕዝብ በልጦ ተገኘባቸው። ሰውየው ያው ነው፣ የተቀየረው ማዕዱና ኑሮው ነው።

አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ተዘጋጁ። እኔ 20 ኪሎ ቀንሼ ቦሌ ስወርድ እማዬ ጉንጬን ይዛ "ምን ሆነሽ ነው? ምን ደበቅሽኝ?" ብላ አለቀሰች፣ እኛ ጋ መክሳት በሽታ ነዋ። ጎረቤት ሁሉ በየተራ መጥቶ አየኝ። ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ኪሎ ጭኮ አገኘሁ፣ እማዬ ሳትነግረኝ የከተተችው። በላሁት፣ በቀን አንድ ማንኪያ፣ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ታዲያ ዶሮውን በትንሽ ዘይት እንዴት ትሠሪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ይሄውላችሁ። ሽንኩርቱን ሁለት ኪሎ ያህል በማሽን ፈጭታችሁ ያለ ዘይት ስሎው ኩከር ውስጥ ሎው ላይ አድርጋችሁ ሥራ ሂዱ፣ ጠዋት ስትመጡ ቡናማ ሆኖ፣ እማዬ ግማሽ ቀን ያማሰለችውን መስሎ ይጠብቃችኋል። ከዛ ድስት ውስጥ አምስት ማንኪያ ዘይት፣ በማንኪያ ነው ያልኩት፣ በርበሬው፣ እያማሰላችሁ ሃያ ደቂቃ፣ ቅቤው መጨረሻ ላይ ሁለት ማንኪያ። እንቁላሉን አትቀንሱ፣ ለሰው አንድ።