ኢምፓየርን ማወቅ ከፈለግህ ግብር ሰብሳቢውን ተከተል

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህን ነው፦ «ኢምፓየሮች እንዴት ይነሣሉ? የሚያጋጫቸውስ ምንድን ነው? ከፈረሱ በኋላ ዛሬ እኛን ምን አገባን?» ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ ስለ ጀግና ነገሥታትና ስለ ትልልቅ ጦርነቶች ናቸው። ክፋት የለውም። እኔ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና በክፍል ውስጥ ካየሁት ተነስቼ ለየት ያለ መልስ ልሞክር። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ ጦርነት ይወዳል። ስለ ጄንጊስ ካን ስታወራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለ ግብር ስታወራ ማዛጋት ይጀመራል። ያም ሆኖ የየትኛውንም ኢምፓየር ትምህርት የምጀምረው በሁለት ጥያቄዎች ነው። ግብሩን ማን ይሰበስባል? የወታደሩን ደሞዝስ ማን ይከፍላል? የእነዚህን መልስ ያገኘ ሰው የቀረውን በራሱ ይደርስበታል።

የሚያዛጋውን ክፍል የሚያነቃልኝ አንድ ነገር አለ። የአዝቴኮች የግብር መዝገብ ነው። ስፔኖች ሜክሲኮን ከያዙ በኋላ የአገሬው ሰዓሊዎች የሠሩት ነው። በገጹ ጠርዝ ላይ የገባሪ ከተሞች ምልክት ተደርድሯል። ከጎኑ የሚገብሩት ዕቃ ተስሏል፦ የጥጥ ኩታ፣ የጦር ልብስ ከነጋሻው፣ ካካዎ፣ የወፍ ላባ። ዕቃው ላይ ትንሽ ባንዲራ ካለች 20 ማለት ነው። ላባ የመሰለ ምልክት ካለ 400። ከረጢት ካለ 8,000። «በሉ ቁጠሩ» እላቸዋለሁ። ይቆጥራሉ። ትንሽ ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ «ይህን ሁሉ ኩታ ማን ይሸምነዋል?» ይላል። የሚሸምኑት የየመንደሩ ሴቶች ነበሩ። ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የስፔኑን የጦር መሪ ኮርቴስን ማስረዳት ቀላል ይሆናል። ሰውየው በ1519 ሜክሲኮ ሲደርስ የያዘው ጥቂት መቶ ወታደር ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ በጠመንጃና በፈረስ ብቻ አሸነፈ የሚለውን ወሬ እርሱት። በ1521 ዋና ከተማዋ ቴኖችቲትላን ስትከበብ ከጎኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ተዋጊዎች ነበሩ። ግንባር ቀደሞቹ የትላስካላ ሰዎች ናቸው። እነሱ ለአዝቴኮች አንገብርም ብለው፣ ዙሪያቸውን ታጥረው ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። ሲገብሩ የቆዩ ሌሎች ከተሞችም እያዩ ከድተው ተቀላቀሉ። ከስፔኖቹ ጋር የገባው ፈንጣጣም በ1520 ሕዝቡን ፈጅቶታል። በእኔ ግምት ግን ያ መዝገብ የወለደው ቂም ባይኖር ኮርቴስን ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አይገኝም ነበር።

ወደ ሮም እንምጣ። ሰው ስለ ሮም ውድቀት ሲያወራ 476ን ይጠራል። እኔ የምቆመው መቶ ዓመት ቀደም ብዬ 376 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሁኖች የሚባሉ ፈረሰኛ ወራሪዎችን የሸሹ የጎት ነገዶች የሮም ድንበር በሆነው በዳኑብ ወንዝ ዳር ደርሰው መጠጊያ ጠየቁ። አፄ ቫሌንስ ፈቀደ። ለሮም ሲሳይ ነበር፤ ወታደርም ገበሬም ያስፈልጋት ነበርና። ነገሩን ያበላሹት የድንበር ሹማምንት ናቸው። ስደተኛው ሲራብ እነሱ ገበያ አወጡ። በዘመኑ የነበረ አንድ ሮማዊ የጦር መኮንን ጽፎ እንዳቆየልን፣ የውሻ ሥጋ እያቀረቡ በምትኩ ሰው ይወስዱ ነበር። ለአንድ ውሻ አንድ ባሪያ። ከተወሰዱት ውስጥ የጎት አለቆች ልጆችም ነበሩበት። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ378 አድሪያኖፕል ላይ ጎቶቹ የሮምን ጦር ደመሰሱት። ቫሌንስም እዚያው ቀረ፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ የሚያዛጋ አይኖርም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ቫንዳሎች የሚባሉ ሌሎች ነገዶች በ439 የሰሜን አፍሪካዋን ከተማ ካርቴጅን ያዙ። ምዕራቡ ሮም ስንዴውንም ግብሩንም ይበልጡን የሚያገኘው ከዚያ ከሰሜን አፍሪካ ነበር። ግብሩ ሲቋረጥ ደሞዝ ተቋረጠ፤ ደሞዝ ሲቋረጥ ጦሩ የግዛቱ መሆኑ ቀርቶ የየአዛዡ ሆነ። ደሞዝ የለመደ ጦር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሮም ቀድማ አይታዋለች። በ193 የንጉሡ ዘበኞች ንጉሡን ገደሉና ዙፋኑን ለጨረታ አወጡት! ዲዲየስ ዩሊያኖስ የሚባል ባለጸጋ አሸነፈ። የነገሠው 66 ቀን ብቻ ነው።

ስፔንን ቶሎ ልለፋት። በ1545 ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ፖቶሲ ላይ የብር ተራራ አገኘች። ንጉሧ ዳግማዊ ፊሊፕ ግን በ1557፣ በ1575ና በ1596 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ኪሳራ አውጇል። ብሩ እንደ ጉድ ይገባል፣ ለጦርነት ደግሞ እንደ ጉድ ይወጣል።

በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሕንዷ የቤንጋል ጉዳይ ነው። እዚያ ኢምፓየር የሠራው ንጉሥ አልነበረም፤ አክሲዮን ያለው የንግድ ድርጅት ነው። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1757 ፕላሲ ላይ ማሸነፉን ሁሉም ያስተምራል። ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ዓመት 1765 ነው። በዚያ ዓመት ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሻህ አላም የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለኩባንያው ሰጠ። ሰጠ እንበል እንጂ ምርጫ አልነበረውም። ከዚያ ኩባንያው ከሕንድ ገበሬ በሰበሰበው ግብር ሕንዳዊ ወታደር እየቀጠረ ሕንድን ያዘ። ለንግድ የሚገዛውንም ዕቃ በዚያው ግብር ገዛው። በ1770 ረኃብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሲያልቅ የግብር ስብሰባው አልቆመም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ፣ «ምን አገባን?» ወዳልከው። ኢምፓየሩ ሄዶ አሠራሩ ይቀራል። የቻይናው ቺን ሥርወ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ221 ጀምሮ 15 ዓመት ገደማ ብቻ ነው የቆየው። ግን ጽሕፈቱን፣ ሚዛኑን፣ በጋሪ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ሳይቀር አንድ አድርጎት ነበር። ተከትሎት የመጣው የሃን ሥርወ መንግሥት ቺንን እያወገዘ በቺን አሠራር ገዛ።

ድንበር ሌላው ነው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ መስመሩን ያሰመረው ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል የእንግሊዝ ሕግ ባለሙያ ነበር። ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጧት አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነው። ካርታው ይፋ የሆነው ነፃነቱ ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ ወር ላይ ነው። ሰው ባንዲራ እየሰቀለ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሻገረ።

ዕዳም ይቀራል። የሄይቲ ባሮች የፈረንሳይን ጦር አሸንፈው በ1804 ነፃ ወጡ። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ፣ የቀድሞ ጌቶች ለጠፋባቸው ንብረት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ክፈሉ አለቻቸው። ከንብረቱ ውስጥ ራሳቸው ከፋዮቹ ይቆጠሩ ነበር! በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ እሱን ለመክፈል የተበደሩት ተጠቃሎ ያለቀው በዚያው ራድክሊፍ መስመር ባሰመረበት በ1947 ነው።

ከመልሶቹ አንዱ «ባቡርና መንገድ ሠርተው የለም ወይ?» ይላል። ሠርተዋል። ግን ያንኑ ጥያቄ ባቡሩ ላይም አንሡ። በሕንድ የመጀመሪያዎቹን የባቡር መስመሮች ለዘረጉ የእንግሊዝ ባለሀብቶች መንግሥት በዓመት 5 በመቶ ትርፍ ዋስትና ሰጥቷቸው ነበር። መስመሩ ቢከስርም ይከፈላቸዋል። የሚከፈላቸውም ከሕንድ ግብር ነው።

ኦቶማን ቱርኮችን ሆን ብዬ ነው የዘለልኳቸው። ሱልጣን ማህሙድ በ1826 የገዛ ራሱን የጃኒሳሪ ጦር በመድፍ እስከ መደምሰስ ለምን እንደደረሰ ለመጻፍ ሌላ ይህን ያህል ገጽ ይፈልጋል። የምታውቁት ካላችሁ ጨምሩበት።