ለአባቴ የትኛውን ወንበር ልግዛ?

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ቤታቸው ናቸው። ማታ ማታ ቴፕ ከፍተው ማዳመጥ ይወዳሉ፤ በጾሙ በገና፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ትዝታ። የሚቀመጡበት ሶፋ ዝቅ ያለና የሚያሰምጥ ስለሆነ ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። ፈርኒቸር ቤት ብሄድ መደገፊያው ከጭንቅላት በላይ የሚደርስ፣ ግራና ቀኙ ወደ ፊት የታጠፈ የሌዘር ወንበር አሳዩኝ። ስቀመጥበት ደስ ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅርብሽ። ለእንቅልፍ ቢሆን እሺ እል ነበር፤ ለማዳመጥ ግን ከጆሮ በላይ የወጣ መደገፊያ አይሆንም። ድምፅ የሚደርሰን ከስፒከሩ በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረም ነው። ያ የታጠፈ መደገፊያ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ይጋርደዋል፣ ሌዘሩ ደግሞ ጆሮ ሥር ሆኖ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ስለሚያነጥር የመጀመሪያው ጥራት ይበላሻል። በገና ላይ ይሄ ቶሎ ይታወቃል። 10ሩ አውታር እንደዚያ የሚነዝረው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራዋ ነው፤ አባትሽ ያን ንዝረት ለይተው የሚያውቁ ሰው ይመስሉኛል።

ስለዚህ መደገፊያው ትከሻ ላይ የሚያበቃ ይሁን። ጭንቅላታቸውን ማሳረፍ ከፈለጉ ማጅራታቸው ላይ ትንሽ ትራስ ይበቃል።

ልባሱም ጨርቅ ይሁን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የኅዳርን ሌሊት ብርድ አልነግርሽም፤ ሌዘር ጋቢ ለብሰውም ይቀዘቅዛል፣ ያንሸራትታል። የመንዝ ባና ጣል ብታደርጊበት ይሞቃል፣ ድምፅም አያነጥርም።

የጉልበታቸው ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ጫማ አድርገው ቆመው ከጉልበታቸው ጀርባ እስከ መሬት ለኪ። መቀመጫው ከዚያ ማነስ የለበትም፣ ለብዙ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የክንድ ማሳረፊያው ጠንካራ ይሁን፣ የሚነሱት እሱን ተጭነው ነውና። ስፖንጁን በጡጫሽ ተጫኚው፤ እንጨቱ ከተሰማሽ ተዪው። አናጺ ጋ ማሠራት ከቻልሽ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ በልካቸው ይሠራል፤ እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆኑን ብቻ ጠይቂ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ኋላ ይጣመማል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ሳሎን ወንበር ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚደረደረው። ግድግዳ ሥር ቤዝ ይከማቻል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ዘፋኙ ምን እንዳለ እንኳን አይለይም። የእኔን ወንበር አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ባመጣሁት ቀን ለዓመታት የሰማሁት ካሴት አዲስ ሆነብኝ፣ ምንም ሳልገዛ። ስፒከሮቹ ቡፌ አናት ላይ ከሆኑም አውርጃቸው፤ ሲቀመጡ ጆሯቸው ካለበት ከፍታ ጋር ይስተካከሉ፣ ወንበሩም ከሁለቱ እኩል ይራቅ።

ስትገዢ አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ መነሳት ምንም አይነግርም። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንድ ገጽ እስኪያልቅ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡበት፤ ወገባቸው ዝም ካለና ሲነሱ ያንቺን እጅ ካልፈለጉ፣ ያንን ግዢላቸው።